«ሰማያዊው ውሃ»፦ ግላኮማ በዓረቦች ዘንድ ምን ያህል ይታያል? እንዴትስ ይታከማል?



ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ባለፈው ሰሞን በውስጥ መስመር የደረሰኝ መልእክት ነው። ላኪዋ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። ፈቃዷን ጠይቄ፣ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ እንዲህ አቀርበዋለሁ፦

«ዶክተር፣ የማዳሜን እናት የምንከባከበው እኔ ነኝ። ጠዋትና ማታ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ እጨምርላቸዋለሁ። በሽታው አል ማእ አል አዝረቅ ነው ይላሉ። ረመዳን ሲገባ ግን ጾሜን ያፈርስብኛል ብለው ጠብታውን እምቢ አሉ፤ ከዒድ በኋላ እንቀጥላለን አሉኝ። አንድ ወር ቢቋረጥ ችግር አለው? ሌላው ደግሞ የማዳሜ እህት አራት ወር የሆነው ልጅ አላት። ዓይኖቹ በጣም ትልልቅ ናቸው። የመጣ እንግዳ ሁሉ ማሻ አላህ፣ ሲያምሩ ይላል። እኔ ግን ብርሃን ሲያይ ፊቱን ሸሽጎ ማልቀሱ፣ ዓይኑም ሁልጊዜ እንባ ማቅረሩ አላማረኝም። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?»

ሁለቱም ጥያቄዎች የሚያመሩት ወደ አንድ በሽታ ነው፤ ወደ ግላኮማ። የመጀመሪያው አሳሰበኝ፣ ሁለተኛው ግን አስደነገጠኝ። ለምን እንደደነገጥኩ ወደ መሃል ስንደርስ ይገባችኋል። ለእሷ በአጭሩ ወዲያው መለስኩላት። ግን ዓረብ አገር ሆናችሁ አዛውንትና ሕፃን የምትንከባከቡ ስንትና ስንት ተከታታዮች እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ ነገሩን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ ብዬ ነው። እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ እንጂ የዓይን ስፔሻሊስት አይደለሁም፤ የሕክምናው ውሳኔ የዓይን ሐኪሙ ነው። የእኔ ሥራ በጊዜ ወደ እሱ እንድትደርሱ ማድረግ ነው።

በቅድሚያ፣ ስሙ ራሱ ያደናግራል

ዓረቦች ግላኮማን «አል ማእ አል አዝረቅ» ይሉታል፤ ሰማያዊው ውሃ ማለት ነው። የዓይን ሞራን ደግሞ «አል ማእ አል አብየድ»፣ ነጩ ውሃ ይሉታል። ሁለቱም «ውሃ» ስለሆኑ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይመስለዋል። እኛም አገር ግላኮማን «የዓይን ግፊት» ስለምንለው ከደም ግፊት ጋር የሚያምታታው ሰው ብዙ ነው።

ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። ሞራ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ ነው። ቢቆይም እንኳ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ሌንሱ ሲቀየር አብዛኛው ሰው መልሶ ያያል። በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም። በጠብታም፣ በሌዘርም፣ በኦፕራሲዮንም አይመለስም። የግላኮማ ሕክምና የሚሠራው የቀረውን ለማዳን ነው። ስለዚህ «ሞራው ይብሰልና እንታከማለን» የሚለው የድሮ አባባል ወደ ግላኮማ ሲሻገር ሰውን ያሳውራል።

ዓረቦች በሽታውን ዛሬ አይደለም የሚያውቁት። በመካከለኛው ዘመን የዓይን ሕክምና ካደገባቸው ቦታዎች ዋነኛው የእነሱ ዓለም ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሸምስ አድዲን የተባለ የካይሮ ሐኪም «የብሌን ራስ ምታት» ብሎ የጻፈው ሕመም፣ ማለትም የዓይን ሕመም ከግማሽ ራስ ምታት ጋር፣ ቀጥሎም የብሌን መስፋትና የእይታ መፍዘዝ፣ ዛሬ ሲነበብ ድንገተኛ ግላኮማን ይመስላል።

ግላኮማ ምንድን ነው?

ዓይናችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመረትና የሚወጣ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። እንባ አይደለም፤ እንባ ከውጭ ነው፣ ይሄኛው ከውስጥ ነው። የእጅ መታጠቢያ ገንዳ አስቡ። ቧንቧው ክፍት ነው፣ ውሃው ይወርዳል፣ በመውረጃው ይሄዳል። መውረጃው ሲደፈን ግን ውሃው ገንዳውን ይሞላል። ዓይን ደግሞ የተዘጋ ኳስ ስለሆነ ፈሳሹ ሞልቶ አይፈስም፤ ግፊት ይፈጥራል። የተለመደው የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ከዓይን ወደ አእምሮ ምስል የሚያደርሰው የእይታ ነርቭ ይጎዳል። ይህ ነርቭ አንድ ሚሊዮን ገደማ ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ አንዴ የሞተ ክር አይተካም። ግፊታቸው «ኖርማል» ሆኖም ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ግፊት መለካት ብቻውን አይበቃም፣ ነርቩም መታየት አለበት።

መውረጃው ያለው ባለቀለሙ የዓይን ክፍል (አይሪስ) ከፊተኛው መስታወት (ኮርኒያ) ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ሁለት ዋና ዓይነት ግላኮማ አለ፦

1. ክፍት ማዕዘን፦ ማዕዘኑ ክፍት ነው፣ ማጣሪያው ግን ቀስ በቀስ ይደነቃቀፋል። ሕመም የለውም። እይታ ከጎን በኩል ይጀምርና በዓመታት ውስጥ ይጠባል። አእምሯችን የጎደለውን እየሞላ ስለሚያሳየን ሰውየው የሚነቃው በር ሲገጨው፣ ደረጃ ሲስተው ነው።

2. የተዘጋ ማዕዘን፦ አይሪሱ ወደ ፊት ተገፍቶ መውረጃውን ይሸፍነዋል። አንዳንዴ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴ በድንገት በአንድ ምሽት ይዘጋል።

ቁጥሩስ ምን ይላል?

በዓለም ደረጃ ግላኮማ የማይመለስ ዓይነ ስውርነት ቀዳሚው መንስኤ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. 76 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይኖርበታል ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ በ2040 ደግሞ ከ111 ሚሊዮን ያልፋል ይባላል። ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም።

ወደ ዓረቦቹ ስንመጣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። «ዓረብ» ብለን በአንድ ቃል ብንጠራቸውም ከሞሮኮ እስከ ኦማን የተዘረጉ፣ በዘርም በአኗኗርም የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው። ስለዚህ «የዓረቦች ግላኮማ ይህን ያህል ፐርሰንት ነው» የሚል አንድ ቁጥር የለም። በየአገሩ የተሠሩትን ነው የምናየው።

ኦማን በ2005 ባደረገችው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ 4.75 በመቶው ግላኮማ ተገኝቶባቸዋል። ከ100 ሰው 5 ሊሞላ ምንም አይቀረው ማለት ነው። ኳታር ውስጥ በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ዜጎች ላይ 1.73 በመቶ አግኝቷል። ሁለቱም የባሕረ ሰላጤ አገር ሆነው ለምን ይህን ያህል ተራራቁ? እንዲህ ዓይነት ልዩነት ከሕዝቡ ብቻ አይመጣም። ማን «ግላኮማ አለበት» ይባል የሚለው መስፈርት፣ የተመረመሩት ሰዎች ዕድሜ፣ ምርመራው ነርቩን ብቻ አየ ወይስ የጎን እይታንም ለካ የሚለው ሁሉ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ የሆነ ቦታ አንድ ፐርሰንት ስታነቡ «ማን ተለካ? እንዴትስ ተለካ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከቁጥሩ በላይ ግን የበሽታው መልክ ነው ትኩረቴን የሳበው። ሦስት ነገሮችን ልንገራችሁ።

አንደኛ፦ በድንገት የሚዘጋው ዓይነት

በአውሮፓና በአፍሪካ በብዛት የሚታየው ክፍት ማዕዘን ግላኮማ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ትልልቅ የዓይን ሕክምና ማዕከላት የተሠሩ ጥናቶች ግን ወደ እነሱ ከሚመጡት ታማሚዎች መካከል የተዘጋ ማዕዘን ዓይነቱ ከክፍቱ በልጦ አግኝተውታል። እርግጥ ይህ የሆስፒታል ቁጥር ነው፤ ሕመም ያለው ሰው ቶሎ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ሕመም የሌለው ቤቱ ይቀመጣል። ቢሆንም ለሐኪሙም ለቤተሰቡም ትልቅ መልእክት አለው።

ለዚህ ዓይነቱ ይበልጥ የሚጋለጡት ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ፣ ሴቶች፣ የሩቁን እያዩ የቅርቡ የሚቸግራቸው (ዓይናቸው አጠር ያለ)፣ እና በቤተሰብ ውስጥ በሽታው ያለባቸው ናቸው። ሲመጣ እንዲህ ነው፦

- ከባድ የዓይን ሕመም፣ በዚያው በኩል ራስ ምታት
- ዓይን መቅላት፣ እይታ መደብዘዝ
- በአምፖል ዙሪያ እንደ ቀስተ ደመና ክብ ማየት
- ማቅለሽለሽና ማስታወክ

ችግሩ ትውከቱ ነው። ሰውየው «ምግብ ተመርዤ ነው» ወይም «ማይግሬኔ ተነሳ» ይልና ማስታገሻ ውጦ ይተኛል። ኢመርጀንሲ ክፍል ውስጥም ሐኪም ሊሸወድ ይችላል። ለዚህ ነው መምህሮቻችን «ራሱን አሞት የሚያስመልስ ሰው ሲመጣ፣ በባትሪ ዓይኑን ሳታዩ አትልቀቁት» እያሉ ያስጠነቅቁን የነበረው። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ቶሎ ካልታከመ በቀናት ውስጥ ዓይን ሊጠፋ ይችላል።

ደግሞ ልብ በሉ፦ ማዕዘናቸው ጠባብ የሆኑ ሰዎች አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት፣ የሆድ ቁርጠት ማስታገሻና አንዳንድ የድብርት መድኃኒት ሲወስዱ ብሌናቸው ሰፍቶ ይህ ሊቀሰቀስባቸው ይችላል። በጉንፋን መድኃኒት ወረቀት ላይ «ግላኮማ ያለበት ሰው ሐኪም ያማክር» የሚለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፦ ከሕፃናት ጋር አብሮ የሚወለደው

አሁን ወደ ደነገጥኩበት ደረስን።

አብዛኛው ሰው ግላኮማን የሽማግሌ በሽታ አድርጎ ነው የሚያስበው። ግን መውረጃው ገና በማኅፀን ሳለ በትክክል ሳይሠራ የሚወለድ ሕፃን አለ። በምዕራባውያን አገሮች ይህ ከ10,000 ልጆች በ1 ገደማ ይታያል። በሳዑዲ ዓረቢያ ግን ከ2,500 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች በ1 ይታያል፤ አራት እጥፍ ማለት ነው።

ምክንያቱ በአብዛኛው ሲዋይፒ1ቢ1 የሚባል ዘረ መል ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሳዑዲ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች በሽታው ካለባቸው ቤተሰቦች በአብዛኞቹ ውስጥ የዚህ ዘረ መል ብልሽት አግኝተዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዳችን ከአባትም ከእናትም የምንወርሰው ሁለት ቅጂ አለን። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍነዋል፤ ሰውየው ተሸካሚ ቢሆንም ጤነኛ ነው። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የተበላሸ ቅጂ የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች ያንኑ ብልሽት ተሸክመው የመገናኘት ዕድላቸው ትንሽ ነው። የአጎት ልጅ ከአጎት ልጅ ሲጋቡ ግን ከአንድ አያት የመጣ ብልሽት ሁለቱም ጋ ሊኖር ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የዘመድ ጋብቻ የቆየ ልማድ ነው።

ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ሰባት ቤት እየተቆጠረ ነው ጋብቻ የሚፈጸመው፤ አፋር ወገኖቻችን ጋ ደግሞ «አብሱማ» የሚባል የአክስትና የአጎት ልጆች ጋብቻ አለ። የየራሱ ታሪክና ጥቅም ያለው ሥርዓት ነው። ቁምነገሩ፣ በቤተሰቡ ውስጥ በልጅነቱ ዓይኑ የጠፋ ወይም «ትልልቅ ዓይን» የነበረው ሰው ካለ የሚቀጥለው ሕፃን እንደተወለደ ዓይኑ ይታይ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2004 ጀምሮ ለተወሰኑ በዘር የሚተላለፉ የደም በሽታዎች የቅድመ ጋብቻ ምርመራን ግዴታ አድርጋለች። ግላኮማ በነበረበት ቤተሰብም የዘር ምክር አገልግሎት መጠየቅ ይቻላል።

የሕፃን ዓይን ለስላሳ ስለሆነ ግፊት ሲበዛበት እንደ ፊኛ ይለጠጣል። ስለዚህ ዓይኑ ይተልቃል፤ ጥቁሩ ክፍል ሰፍቶ ነጩን ያጠበዋል። ሰው ያደንቃል፣ «ሲያምር!» ይላል። እናት ደስ ይላታል። በውስጥ ግን ነርቩ እየሞተ ነው። ሦስቱን ምልክቶች ያዙልኝ፦

- ከብርሃን መሸሽ፣ ዓይን መጨፈንና ፊትን መደበቅ
- ያለ ልቅሶ የሚወርድ እንባ
- ዓይንን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት

በዚህ ላይ ዓይኑ ከተለቀ፣ ወይም ጥርት ማለት ያለበት መስታወቱ ጉም የለበሰ ወይም ወተት የነካው ከመሰለ፣ ጊዜ የለም። እንባው «የእንባ ቱቦ መዘጋት» ተብሎ ለወራት በማሸት ብቻ የሚያልፍ ሕፃን አለ። የእንባ ቱቦ መዘጋት ግን ብርሃን አያስፈራም፣ ዓይንም አያተልቅም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

እህታችን የጻፈችልኝ ልጅ ከእነዚህ ሁለቱን፣ በዚያም ላይ ትልልቅ ዓይን አለው። ዓይኑን ሳላይ «ግላኮማ ነው» ማለት አልችልም። «ነገ ዛሬ ሳትሉ ይታይ» ማለት ግን እችላለሁ፤ ግዴታዬም ነው።

ሦስተኛ፦ ከሌላ ነገር የሚመጣው

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የስኳር በሽታ በጣም ከፍተኛ ነው። ያልተቆጣጠሩት ስኳር ዓይን ውስጥ መኖር የሌለባቸውን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበቅላል፤ እነሱ ደግሞ መውረጃውን ይደፍኑታል። ይህኛው ግላኮማ ለሕክምና አስቸጋሪ ከሚባሉት ነው። ስለዚህ የስኳር ታማሚ በዓመት አንዴ ዓይኑን መታየቱ ቅንጦት አይደለም።

ሌላው የስቴሮይድ ጠብታ ነው። ሞቃትና አቧራማ በሆነ አየር ልጆችና ወጣቶች ላይ የሚጸና የዓይን አለርጂ አለ፤ በዓረቡ ዓለምም እኛም አገር ብዙ ነው። ዴክሳሜታዞን ወይም መሰል ጠብታ ሲደረግበት ማሳከኩ ወዲያው ይቆማል። ሰው ይወደውና ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ እየገዛ ለወራት ይጨምረዋል። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ የዓይን ግፊቱ ይጨምራል፤ ጥቂቶቹ ላይ ደግሞ በጣም ይንራል። የ18 ዓመት ልጅ በዓይን ማሳከክ መድኃኒት ዓይኑን ሲያጣ ከዚህ በላይ ምን ያስቆጫል? እቤታችሁ ያለውን ብልቃጥ አንብቡት።

እንዴት ይታከማል?

የሕክምናው ግብ አንድ ነው፤ ግፊቱን ለነርቩ በማይጎዳ ልክ ዝቅ አድርጎ ዕድሜ ልክ እዚያው ማቆየት። መንገዶቹ ሦስት ናቸው።

ጠብታ፦ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው። ላታኖፕሮስትና መሰሎቹ በቀን አንዴ፣ ብዙ ጊዜ ማታ ይደረጋሉ። ሽፋሽፍት ሊያስረዝሙ፣ የዓይንን ቀለም ሊያጠቁሩ ይችላሉ። ቲሞሎል ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን አስም ላለበትና የልብ ምቱ ለሚዘገይ ሰው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ሳይነገር አይጀመርም። «ጠብታ ናት፣ ምን ታደርጋለች» አይባልም፤ ወደ ደም ትገባለች። ዶርዞላማይድና ብሪሞኒዲንም አሉ፤ ብሪሞኒዲን ለጨቅላ ሕፃናት አይሰጥም። በድንገት ለተዘጋ ዓይን ደግሞ ዳያሞክስ የሚባለው እንክብል ወይም መርፌ ይጨመራል።

ሌዘር፦ ለተዘጋ ማዕዘን ሐኪሙ በሌዘር አይሪሱ ላይ መርፌ የወጋው የምታክል ቀዳዳ ያበጅለታል፤ ፈሳሹ በዚያ ያልፋል። በደቂቃዎች የሚያልቅ፣ የተኛ ታማሚ የማይፈልግ ሥራ ነው። አንዱ ዓይን ከተዘጋ ሌላኛውም ቀድሞ ይሠራለታል። ዕድሜው ለገፋ ሰው የራሱን ሌንስ አውጥቶ ቀጭን ሰው ሠራሽ ሌንስ ማስገባትም ማዕዘኑን ይከፍታል፤ ኢግል የተባለው በ2016 የታተመ ትልቅ ጥናት ይህ ከሌዘሩ የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ለክፍት ማዕዘን ደግሞ ማጣሪያውን የሚያነቃቃ ሌላ ዓይነት ሌዘር አለ። እንግሊዝ አገር ተሠርቶ በ2019 የታተመ ጥናት በዚህ ሌዘር ከጀመሩት አራት ታማሚዎች ሦስቱ ገደማ ለ3 ዓመት ጠብታ ሳያስፈልጋቸው መቆየታቸውን አሳይቷል።

ቀዶ ሕክምና፦ ጠብታውና ሌዘሩ ካልበቁ ለፈሳሹ ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር አዲስ መውረጃ ይበጅለታል፤ ወይም «አህመድ ቫልቭ» የሚባለው ዓይነት ቀጭን ቱቦ ይገባለታል። ለሕፃናት ግን ዋናው ሕክምና ከመጀመሪያውም ኦፕራሲዮን ነው፤ የተደፈነውን ማጣሪያ መክፈት። ጠብታ ለእነሱ እስከዚያው ማቆያ ነው። በጊዜ ከተሠራላቸው ብዙዎቹ የሚጠቅም እይታ ይዘው ያድጋሉ፤ አንዳንዱ ግን ከአንድ በላይ ኦፕራሲዮን፣ ሁሉም ደግሞ የዕድሜ ልክ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ሪያድ ውስጥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የንጉሥ ኻሊድ የዓይን ስፔሻሊስት ሆስፒታል በሕፃናት ግላኮማ ብዙ ልምድ ካካበቱት የዓለም ማዕከላት አንዱ ነው። እንግዲህ እዚያ አገር ሕክምናው አለ፤ የሚጎድለው አንዳንዴ ልጁን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰላም ባለበት ነው። ጦርነት የጤና ተቋማትን ባፈራረሰባቸው እንደ የመን ባሉ የዓረብ አገሮች ዕለት ዕለት የሚደረግ ጠብታ ሳያቋርጡ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው።

ረመዳንና ጠብታ

ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። ግላኮማ ረመዳን አያውቅም። ጠብታው ሲቋረጥ ግፊቱ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል፤ በዚያ ወር የጠፋው የነርቭ ክር ከዒድ በኋላ አይመለስም። ሕመም ስለሌለው ደግሞ «ይኸው ምንም አልሆንኩም» ያሰኛል። ተንኮሉ እሱ ነው።

የሃይማኖቱን ጉዳይ የምበይነው እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ በ93ኛው ውሳኔው፣ የዓይን ጠብታ ጉሮሮ የደረሰውን ላለመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ቢሆንም ልባቸው የማይቀበል አዛውንት ብዙ ናቸው፤ መከራከር አያስፈልግም። ሁለት መፍትሔ አለ፦

1. ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማነጋገር። የጠዋቱን ጠብታ ከሱሑር ሰዓት፣ የማታውን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ፣ ወይም በቀን አንዴ ማታ ወደሚደረግ መድኃኒት መቀየር ይቻላል። ሌዘር የሚሆንላቸውም አሉ። በራስ መቀየር ግን አይቻልም።

2. ጠብታው ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ በትክክል ማድረግ። ይህ ለጿሚውም ላልጾመውም ይሠራል።

የአደራረጉን ደረጃ ያዙ፣ በተለይ ለሌላ ሰው የምታደርጉ፦

- እጅ መታጠብ። የብልቃጡ ጫፍ ዓይንም ሽፋሽፍትም እንዳይነካ።
- ራስን ቀና አድርጎ፣ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ አንድ ጠብታ ብቻ። ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ነው የሚፈሰው።
- ዓይንን በቀስታ መክደን፤ አለማርገብገብ።
- በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለ2 ወይም 3 ደቂቃ ጫን ማለት። ወደ አፍንጫና ጉሮሮ የሚወስደው ቀዳዳ እዚያ ነው። መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ይቆያል፣ መራራው ጉሮሮ አይደርስም፣ ወደ ደምም ብዙ አይገባም።
- ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመሃላቸው ቢያንስ 5 ደቂቃ መጠበቅ።
- በባሕረ ሰላጤው ሙቀት መኪና ውስጥ አለመተው። እንደ ላታኖፕሮስት ያሉት ከመከፈታቸው በፊት ፍሪጅ ይፈልጋሉ። ከተከፈተ በኋላ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አያልፍም። የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉበት።

እኛስ?

«ይሄ የዓረቦች ነገር ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። በአገራችን በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ለዓይነ ስውርነት ምክንያት ከሆኑት ውስጥ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበረው። አፍሪካውያን ደግሞ ያለ ሕመም ለሚሄደው ክፍት ማዕዘን ዓይነት ይበልጥ ተጋላጭ ነን። 40 ዓመት የሞላችሁ ሁሉ፣ በቤተሰብ ግላኮማ ካለ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብላችሁ፣ የዓይን ግፊታችሁን ብቻ ሳይሆን የእይታ ነርቫችሁን አሳዩ። መነጽር ቤት ሄዶ ፊደል አንብቦ መመለስ የግላኮማ ምርመራ አይደለም።

«እንዴት ብዬ ልንገራቸው?» ላለችኝ እህቴ እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ «ልጁ ታሟል አትበያቸው። ብርሃን ሲያይ እንደሚያለቅስ አይቻለሁ፣ ዓይኑም ያለ ልቅሶ ያነባል፣ ሐኪም ቢያየው ደስ ይለኛል በያቸው። ያየሽውን ብቻ ንገሪያቸው፤ ስሙን ሐኪሙ ይስጠው።» ፈርታ ነበር፤ «ሠራተኛ ሆኜ ምን አገባኝ እንዳይሉኝ» ብላኝ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ጻፈችልኝ፤ ሐጃ ራሳቸው ሰምተው «ልጁን ውሰዱት» ብለው አዘዙ፣ ቀጠሮም ተያዘ። ሐጃም ጠብታቸውን በሱሑርና ከኢፍጣር በኋላ ጀምረዋል፤ ሐኪማቸውም በስልክ እሺ ብሏል። የልጁን ውጤት እስካሁን አልሰማሁም። ምንም ባይገኝበት ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ።

በየሰው ቤት የሰው እናትና የሰው ልጅ የምትንከባከቡ እህቶቼ፣ ቀኑን ሙሉ እነዚያን ዓይኖች የምታዩት እናንተ ናችሁ። ያያችሁትን ተናገሩ።

ዓረብ አገር ላለች እህት ወይም ጓደኛ ሼር አድርጉላት፤ ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ በቻልኩት መጠን እመልሳለሁ። በድንገት ዓይኑን አሞት የሚያስመልስ ሰው ካጠገባችሁ ካለ ግን ኮመንት ሳትጽፉ ወደ ሆስፒታል!

ጤናችሁ ይብዛ።